የወንዝ ደለልና የበርበሬ ተክል፤ ስለ አተካከሉና ስለ አጠባበቁ

እስራኤል ከግብጽ ወጥተው በምድረ በዳ ሲጓዙ መናው ሰልችቷቸው፤ በግብጽ ሳሉ ይበሉት የነበረውን ዱባና ኩራት፣ ቀዩንና ነጩን ሽንኩርት እያሰቡ እንዳለቀሱ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 11 ተጽፏል። ያ ያለቀሱለት ሽንኩርት የበቀለበት አፈር፤ ዓባይ በየክረምቱ ከኢትዮጵያ ደጋ እየጠረገ የሚወስደው ደለል ነበር። ሰው ካገሩ ሲርቅ አስቀድሞ የሚናፍቀው ወጡን ነው። በአሜሪካና በእስራኤል፣ በአውሮፓና በአረብ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን ከእናታቸው ቤት በርበሬ በሻንጣ ተሸክመው መሄዳቸው ይህንኑ ያስረዳል።

እንግዲህ ስለዚህ ስለ ተወደደው በርበሬና ስለሚስማማው የወንዝ አፈር ጥቂት ነገር መግለጥ ያስፈልጋል። የነገሩም ሁሉ መሠረት በአጭር ቃል ይህ ነው፤ በርበሬ ወንዝ ያመጣውን አፈር ይወዳል፤ ወንዝ ትቶት የሄደውን ውኃ ግን አይችልም። ይህን ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው መሬቱ ለምለም መሆኑን ብቻ አይቶ ይተክላል፤ ተክሉም አምሮ ካደገ በኋላ ባንድ ሳምንት ውስጥ ጠውልጎ ሲደርቅ ያያል። ለችግኝና ለማዳበሪያ የተበደረው ገንዘብ ግን ከተክሉ ጋራ አይደርቅም፤ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የሚነገረው ዘመን በአውሮፓ፣ ስላገራችን የሚነገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ስለ በርበሬ አመጣጥ

በርበሬ ዛሬ በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ እንደ ጌታ ተቀምጦ ሲታይ ከጥንት ጀምሮ ባገራችን የኖረ ይመስላል። ነገር ግን የተክሉ መነሻ የአሜሪካ ምድር ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ዓመት ወደዚያ ምድር ከደረሰ በኋላ፤ ፖርቱጋሎችና ሌሎች ባሕረኞች በ16ኛው መቶ ዓመት ዘሩን ወደ አፍሪካና ወደ እስያ አዳረሱት። እንደ ዝንጅብል፣ እንደ ጥምዝ፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ ያሉትና ባገራችን ጫካ የሚበቅለው ኮረሪማ ግን ከርሱ የቀደሙ ማጣፈጫዎች ናቸው። እነዚህም ቅመሞች በርበሬ ሲመጣ አልተሰደዱም፤ ከርሱ ጋራ ተጋቡ እንጂ።

የዛላው በርበሬ ተቀንጥሶና ታጥቦ፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋራ ይደለዛል። ከዚያም በፀሐይ ደርቆ፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድና ጨው ገብቶበት ይፈጫል። በዓል ሲሆን ለዶሮ ወጥ፣ ጾም ሲሆን ለሽሮና ለምስር የሚሆነው ይኸው ነው። ትንሹና ብርቱው በርበሬ ደግሞ ሚጥሚጣ ይሆናል፤ እርጥቡ ቃሪያ ስንግ ይሆናል፤ ተፈጭቶም ዳጣ ይሆናል። አንድ ተክል ይህን ያህል መልክ ይዞ ከድኻውም ከባለጸጋውም ቤት የሚገባ ስለ ሆነ፤ የበርበሬ ዋጋ የናረበት ዓመት በየማጀቱ ይታወቃል።

በርበሬ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ነገር በውስጡ ስላለ ነው። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ካፕሳይሲን የሚገኘው ይልቁን ፍሬው በተጣበቀበት በነጩ ሥጋ ውስጥ ነው። ምላስ ለምን እንደ እሳት እንደሚሰማው ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው የአሜሪካ ሊቅ በ1997 መረመረ፤ ሙቀትን የሚያውቀው የሰውነት ክፍል በርበሬንም እንደ ሙቀት አድርጎ እንደሚቀበለው አገኘ፤ በ2021ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ወፎች ግን ይህ ማቃጠል አይሰማቸውም፤ ስለዚህ በዱር የሚበቅለውን በርበሬ እየበሉ ዘሩን ይበትናሉ። ደግሞም ካፕሳይሲን በቅባት እንጂ በውኃ አይሟሟም። ስለዚህ በርበሬ ያቃጠለው ሰው ውኃ ቢጠጣ አይበርድለትም፤ እርጎ ወይም ወተት ቢጠጣ ግን ይበርድለታል። ክትፎን ከአይብ ጋራ ያቀረቡ እናቶች ይህን ነገር መጽሐፍ ሳይመለከቱ ዐውቀውታል።

ደለል ምን እንደ ሆነ

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ከግንዱ ይልቅ ግን አፈሩ ይበልጣል። ወንዝ ሲሞላ ከዳሩ ወጥቶ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ጉልበቱ ይደክማል፤ ሲደክም የተሸከመውን ያወርዳል። አስቀድሞ የሚያወርደው ከባዱን አሸዋ ነው፤ ይህም ከወንዙ ዳር ሳይርቅ ከፍ ብሎ ይከመራል። የላመው ጭቃ ግን ከውኃው ጋራ እስከ ሩቁ ረባዳ ሄዶ፤ ውኃው ሲተኛ እርሱም ይተኛል። ስለዚህ በአንዱ ወንዝ ዳር ሁለት ዐይነት ደለል አለ። በዳሩ ያለው ልል፣ አሸዋ የተቀላቀለበት፣ ውኃ የሚያሳልፍ ነው። ከዳሩ ራቅ ብሎ በረባዳው ያለው ጥቁር፣ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ ውኃ የሚይዝ መረሬ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና በሚወርዱበት በፎገራ ሜዳ እንዲህ ያለው ከባድ አፈር ሰፊ ቦታ ይዟል፤ በክረምትም ውኃ ስለሚተኛበት ለሩዝ ተስማምቷል። ለሩዝ የተስማማው መሬት ግን በዚያው ወራት ለበርበሬ ጠላት ነው።

ደለል ለም የሚሆነው ከላይ ከደጋው የተጠረገ አፈር፣ ፍግና የበሰበሰ ቅጠል ስለሚቀላቀልበት ነው። ነገር ግን ይህ ለምነት ለዘለዓለም የተሰጠ አይደለም። ግብጾች ከ1960 እስከ 1970 ዓመት የአስዋንን ታላቅ ግድብ ከሠሩ ወዲህ ደለሉ በግድቡ ውስጥ ይቀራል፤ በታች ያለው ገበሬም እርሻውን በፋብሪካ ማዳበሪያ ሊመግብ ግድ ሆኖበታል። ባገራችንም በታችኛው ኦሞ ዳሰነችና ሌሎች ሕዝቦች የወንዙ ሙላት ሲሸሽ በቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ሙላቱ አደጋም ነበረው፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከ300 የሚበልጡ ሰዎች በኦሞ ሙላት ሞተዋል። የጊቤ 3ኛው ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ወንዙ እንደ ቀድሞው አይሞላም። ሙላት ሲቀር ጥፋቱ ይቀራል፤ የደለሉም በረከት አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ወንዙ በግድብ የተገታበት አገር ሁሉ አፈሩን በፍግና በብስባሽ ማደስ ይገባዋል።

ከውጭ አገር የሚጠቀስ ምሳሌ

በሃንጋሪ አገር በቲሳ ወንዝ ዳር ሴገድ የምትባል ከተማ አለች። በዙሪያዋ ያለው የወንዝ ደለል በርበሬ ስለሚስማማው የከተማይቱ ስም በበርበሬ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ይኸው ወንዝ በ1879 ዓመት ሞልቶ ከተማይቱን በሙሉ ለማለት እስኪቻል አፈራርሷታል። ሕዝቡም ከተማውን መሬቱን ከፍ አድርጎ፣ ግድግዳ የመሰለ የአፈር መከላከያ ሠርቶ እንደ ገና አቆመው እንጂ ያን አፈር ትቶ አልሄደም።

በዚያችው ከተማ ያስተምር የነበረው አልበርት ሴንት ጆርጂ የሚባለው ሊቅ፤ አንድ ማታ ሚስቱ በርበሬ ብታቀርብለት ሊበላው ስላልወደደ ለምርመራ ወደ ሥራ ቤቱ እንደ ወሰደው ራሱ ተናግሯል። በምርመራውም ቪታሚን ሲ የሚባለው ሰውነትን የሚጠብቀው ነገር በበርበሬ ውስጥ በብዛት መኖሩን አገኘ፤ በ1937ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እርጥብ ቃሪያ በሚዛን ተመዝኖ ሲነጻጸር በዚህ ነገር ከሎሚ ይበልጣል። በርበሬው ሲደርቅና ሲበስል ግን ብዙው ይጠፋል፤ ስለዚህ ከወጡ ጋራ ጥሬ ቃሪያ መብላት ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ለጤናም ይበጃል።

መሬቱን ስለ መምረጥና ስለ መትከል

በርበሬ ባገራችን ይልቁንም በወይና ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1400 እስከ 2000 ሜትር አካባቢ በሆነ ስፍራ ይበቅላል። ማረቆና ሃላባ፣ ባኮና ምዕራብ ጎጃም በበርበሬ የታወቁ ናቸው። በወንዝ ዳር የሚተክል ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይመርምር።

መጀመሪያው፤ አፈሩን በጥቂት ውኃ አርሶ በመዳፉ መካከል ያሽከርክረው። እንደ ገመድ ተስቦ ሳይበጠስ ከረዘመ መረሬ የበዛበት ነው። ቶሎ ከተበጠሰ ግን ለበርበሬ የሚሻለው ልሉ አፈር ነው።

ሁለተኛው፤ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቈፍሮ ማታ ውኃ ይሙላው። ሲነጋ ውኃው ሰርጎ ካለቀ መሬቱ መልካም ነው፤ ውኃው እንደ ቆመ ከተገኘ ፈሰስ ሳይወጣለት በርበሬ አይተከልበትም።

ችግኙ የሚፈላበት መደብ ከሙላቱ በላይ በሆነ ስፍራ ይሁን። የመደቡ ስፋት 1 ሜትር፣ ከፍታው አንድ ስንዝር ያህል ሆኖ፤ ዘሩ በመስመር ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳይጠልቅ ይዘራል፤ እስኪበቅልም ድረስ ደረቅ ሣር ይለብሳል። ለአንድ ሄክታር የሚበቃው ዘር ከአንድ ኪሎ አይበልጥም። ችግኙ ከ45 እስከ 60 ቀን በመደቡ ላይ ስለሚቆይ፤ በመስኖ የሚተክል የወንዝ ዳር ገበሬ በመስከረም፣ ሜዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ በከፍታው ላይ ያፈላል። በኅዳር ሜዳው ሲጠፈፍ ችግኙ ደርሶ ይቆየዋል። ሙላቱ እስኪሸሽ ጠብቆ ማፍላት የሚጀምር ሰው ግን ሁለት ወር ያህል ያባክናል፤ በርበሬውም የሚቀላው በበልግ ዝናብ ስለሚሆን ሊደርቅለት አይችልም።

ችግኙ ሊነቀል ሳምንት ሲቀረው ጥላው ይነሣለት፤ ውኃውም ይቀነስለት፤ እንዲህ የለመደ ችግኝ የሜዳውን ፀሐይ ይችላል። ተከላው ፀሐይ ሲበርድ ወደ ማታ ይሁን። በመስመርና በመስመር መካከል 70 ሴንቲ ሜትር፣ በችግኝና በችግኝ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ቢተው ለአንድ ሄክታር 47 ሺህ ያህል ችግኝ ይገባል። ችግኙ በቦዩ ውስጥ ሳይሆን ከፍ ባለው ትልም ላይ ይተከል፤ ውኃው በቦዩ እየሄደ ሥሩን ከጎን ያጠጣው እንጂ ግንዱን አይንካው። ፍግም ሲሰጠው በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ ፋብሪካ የሠራው የናይትሮጅን ማዳበሪያም ሲበዛበት ቅጠሉ ይበዛል፣ ፍሬው ያንሳል።

ስለ ሥር መበስበስ

በበርበሬ ላይ ከሚመጡት በሽታዎች ሁሉ በወንዝ ዳር መሬት ይልቁን የሚፈራው የሥር መበስበስ ነው። ይህን የሚያመጣውን ረቂቅ ነገር ሊዮኒያን የተባለ ሊቅ በ1922 ዓመት በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በበርበሬ ላይ አግኝቶ ገልጦታል፤ ስሙም ፊቶፍቶራ ካፕሲሲ ይባላል። ይህ ነገር የሚራባበት ዘር ጅራት ያለው ሆኖ በውኃ ውስጥ ይዋኛል። ስለዚህ ውኃ በእርሻው ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከቆመ፤ ከአንዱ ሥር ወደ አንዱ ሥር እየዋኘ ይደርሳል። የታመመው ተክል ግንዱ ከመሬት አጠገብ ይጠቁራል፤ ቅጠሉም ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠወልጋል።

አብዛኛው ሰው ይህን ሲያይ ተክሉ የተጠማ መስሎት ውኃ ይለቅበታል። እንዲህ ማድረግ በሽታውን በእርሻው ሁሉ መዝራት ነው። የሚገባው ግን ውኃውን መዝጋት፣ የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ከእርሻው ውጭ ማቃጠልና ፈሰሱን መክፈት ነው። የበሽታው ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚኖር፤ በታመመው መሬት ላይ በሚቀጥለው ዓመት በርበሬ እንደ ገና አይተከልም። ቲማቲምም አይተከልበት፤ እርሱም ለዚሁ በሽታ የተጋለጠ ነው። በዚያ ፋንታ በቆሎ፣ ጤፍ ወይም ሽንኩርት ቢሆን ይሻላል፤ ይህም ቢያንስ 3 ዓመት ሊሆን ይገባል።

ስለ ለቀማና ስለ ማድረቅ

በርበሬው በተክሉ ላይ ፈጽሞ ሲቀላ ይለቀማል። ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለማይቀላ ለቀማው ይደጋገማል። የተለቀመውም በባዶ መሬት ላይ አይሰጣ፤ በሰሌን ወይም ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይሁን፤ ማታም ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈን። ዛላው ሲነቀነቅ ፍሬው በውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል ማለት ነው።

ሳይደርቅ በጆንያ የታሰረ በርበሬ ይሻግታል። ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያበቅላል። ይህ መርዝ የታወቀው በ1960 ዓመት በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች የሻገተ መኖ በልተው በሞቱ ጊዜ ነው። በሰውም ላይ ጉበትን ይጎዳል፤ በማመስና በማብሰልም ፈጽሞ አይጠፋም። የአውሮፓ መንግሥታት ኅብረት ወደ አገሩ በሚገባ በርበሬ ውስጥ በአንድ ኪሎ ከ10 ማይክሮግራም በላይ እንዲገኝ አይፈቅድም። ስለዚህ ሚዛን እንዲከብድለት በደረቀው ዛላ ላይ ውኃ የሚረጭ ነጋዴ የሚሰርቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የገዢውን ጤናና ያገሩን ስም ጭምር ነው።

ሹማምንትና ባለመሬቶች ሊፈጽሙት የሚገባ

ገበሬው ብቻውን ሊያደርገው የማይችለው ነገር አለና፤ ያገር ሹማምንትና መሬት የያዙ ሰዎች የሚከተለውን ቢያስቡበት መልካም ነው።

1ኛ፤ ስለ ፈሰስ። አንዱ ገበሬ ፈሰስ ሲያወጣ ውኃው በጎረቤቱ እርሻ ላይ ይወርዳል፤ ከዚህም ጠብና ክርክር ይመጣል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተስማምቶ አንድ ዋና ፈሰስ ወደ ወንዙ እንዲያወጣ፤ በየዓመቱም ከሰኔ አስቀድሞ እንዲጠርገው ሹሙ ቀን ቈርጦ ሊያሰባስበው ይገባል። በበርበሬ እርሻ ላይ ከሚወጣው ወጪ ሁሉ ይህ ትርፉ የበዛ ነው።

2ኛ፤ ስለ ወንዝ ዳር። ዳሩ ለም ነው ተብሎ እስከ ውኃው ከንፈር ድረስ ሲታረስ፤ ሥር የሚይዘው ነገር ስለሌለ በሚቀጥለው ክረምት እርሻው ከነትልሙ ይናዳል። ሣርና ዛፍ ያለበት ክልል በዳሩ ይተው። ወንዝ የሰጠውን መሬት ሥር ካልያዘው ወንዙ መልሶ ይወስደዋል።

3ኛ፤ ስለ እኩል አራሽ ውል። መሬቱን ለአንድ ዓመት ብቻ ለእኩል አራሽ የሚሰጥ ሰው፤ ያራሹን እጅ ከፈሰስ ሥራና ሰብልን ከማለዋወጥ ይከለክላል። በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ በሚሰጥ መሬት ላይ ቦይ የሚቈፍር፣ ወይም ብዙ ገንዘብ የሚያመጣውን በርበሬ ትቶ ጤፍ የሚዘራ ሰው አይገኝምና። ውሉ 3 ዓመት ቢሆን፤ የፈሰሱም ወጪ እንደ ምርቱ እኩል ቢካፈል፤ ባለመሬቱ መሬቱን፣ አራሹም ድካሙን ያተርፋል።

4ኛ፤ ስለ ውኃው ንጽሕና። ወንዝ ሁሉ ንጹሕ ደለል አያመጣም። ከአዲስ አበባ በታች በአቃቂ ወንዝ እንደሚታየው፤ የከተማና የፋብሪካ ጉድፍ የሚፈስበት ውኃ እርሳስንና ይህን የመሰሉ ጎጂ ማዕድናትን ወደ አፈሩና ወደ አትክልቱ ያገባል። እንዲህ ያለው መሬት አፈሩና ውኃው ሳይመረመር ለሚበላ ተክል ባይውል ይሻላል።

5ኛ፤ ስለ ዘርና ስለ ገበያ። ዘር ከጤነኛ እርሻ፣ ከጤነኛ ተክል ተመርጦ ይያዝ እንጂ፤ ከየት እንደ መጣ ካልታወቀ የገበያ ዛላ አይውጣ። በገበያም በተፈጨው በርበሬ ውስጥ ቀይ አፈር ወይም የሸክላ ዱቄት የሚጨምሩ ሰዎች እንዳይኖሩ ምርመራ ይደረግ።

6ኛ፤ ስለ ተራራው። የታችኛው ሰው ደለል የላይኛው ሰው እርሻ ነው። በደጋው ላይ እርከን ካልተሠራና ተዳፋቱ በዛፍ ካልለበሰ፤ ወንዙ በመጀመሪያ የላመውን አፈር፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ በመጨረሻም ድንጋዩን ያወርዳል። ያን ጊዜ በላይ የሚታረስ፣ በታችም የሚተከልበት አይገኝም። ስለዚህ የበርበሬውን ሜዳ የሚጠብቅ ሹም ዐይኑን ወደ ተራራውም ያንሣ።

ከላይ እንደ ተነገረው፤ እስራኤል በምድረ በዳ ያለቀሱለት ሽንኩርት የበቀለው ከዚህ አገር በሄደ አፈር ነው። የሄደውን መመለስ አይቻልም። ያልሄደውን መያዝ፣ ከሄደውም በየወንዙ ዳር የቀረውን ውኃውን አጠንፍፎ መጠቀም ግን የሚቻል ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው አካፋ፣ ስምምነትና አስቀድሞ ማሰብ ነው። ክረምት ከገባ በኋላ ስለ ፈሰስ መማከር በርበሬው ከጠወለገ በኋላ ውኃ እንደ ማጠጣት ስለ ሆነ፤ ምክሩ በግንቦት ይጀመር።